በሶ የበላችው መኪና

አጎቴ አያ እንድሪስ የሞተ ጊዜ ከደሴ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሮቢት ሳይደርስ ፈላ። ሾፌሩ ገና ልጅ ነው። ዳር አውጥቶ አቆማትና ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎቱ በመስኮት ገባ፤ ዝገትና የጋለ ጎማ የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። ተሳፋሪዎቹ በነጠላና በመሐረብ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ አልያዝኩም። ያ ሽታ አንድ ዓመት ሙሉ ልብሴ ላይ ኖሯል። ልጁ በእጁ ጨርቅ ጠቅልሎ ክዳኑን ሊያዞር ሲል «ተው አንተ፣ ትብረድ» አልኩት።

«እማማ፣ እርስዎ ጥላ ይፈልጉ» አለኝና አዞረው። የፈላው ውሃ እስከ ክንዱ ለበለበው።

ቆቦ ለቅሶ ቤት ስደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀኝ። ድንኳኑ ውስጥ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ወጣቶችን በዙሪያው ሰብስቦ ስለ ሟቹ መካኒክነት ያወራል። ሲያየኝ ጣቱን ቀሰረ።

«ይህችውና! የማኅበሩን መኪና ጭቃ አጠጥታ የገደለቻት ይህች ናት! እንድሪስ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በዚች የተነሳ ስንቱን ቻለ!»

ወጣቶቹ ሳቁ። አንዷ «እውነት ነው እትዬ ዘሃራ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለቅሶ ቤት ነውና ዝም አልኩ። አሁን ግን ለቅሶው አልቋል።

የሽማግሌውን ስም አልጽፍም። ልጆች አሉት፤ እነሱ ያደረጉኝ ነገር የለም። በዚያን ጊዜ የገበሬ ማኅበሩን መኪና ይነዳ ስለነበር ሾፌሩ እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስለኖርኩት ኑሮም ከእኔ የሚሰማ የለም፤ የራሴ ነው። የምጽፈው ስለ አንድ በጋና ስለ አንዲት መኪና ነው፤ የምጽፈውም የሆነውን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ በሕይወት የለም። እናቴ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ስለምትሸጥ ከትምህርት ቤት መልስ ወንድሟ ዘንድ ነበር የምትሰደኝ። አያ እንድሪስ የምለው እሱን ነው። ጋራዥ ይባል እንጂ የነበረው አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ፣ ሁለት ገጽ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ሰው ገብቶ ከመኪናው ሥር የሚሠራበት ጉድጓድና አንድ ሣጥን ቁልፍ ነው። ግን በዋናው አስፋልት ዳር ነበር፤ ከወልድያ የሚመጣውም፣ ወደ አላማጣ የሚሻገረውም በፊታችን ያልፋል። የቆላው ፀሐይ ያሸነፈው ደግሞ አያልፍም፤ ቁርቁራው ሥር ይቆማል።

ያ በጋ ሲበዛ ከባድ ነበር። ዝናብ ካየን ቆይተናል። የሆርማት ወንዝ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኗል፤ ሴቶች አሸዋውን በጣሳ እየቆፈሩ፣ ውሃው እስኪሰበሰብ ተቀምጠው ነው የሚቀዱት። የእኔም ሥራ ይኸው ነበር። ለመኪና ውሃ መቅዳት። ቢጫ ጀሪካን በጀርባዬ አዝዬ አመጣለሁ፤ ከዚያ የእናቴን አሮጌ ሻሽ አራት እጥፍ አድርጌ፣ ባልዲ አፍ ላይ አስሬ፣ ውሃውን በእሱ ላይ አጠላለሁ። አያ እንድሪስ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል። አንዲት ጉድፍ ካየ ባልዲውን እንዳለ ዛፉ ሥር ደፍቶ ይመልሰኛል። እንደገና ሆርማት።

«ሰው ቆሻሻ ቢጠጣ ያስታውካል» ይላል። «እሷ በምን አፏ ታስታውክ?»

ይህን የምለው አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው። አንድም ቀን ሳላጠል ሞልቼ አላውቅም። እጄ እየተላጠ፣ ትከሻዬ እየቆሰለ አጥልያለሁ።

ስለ መኪና መጀመሪያ የገባኝ ሁሉ የተሳሳተ ነበር፤ እሱንም አልደብቅም። አያ እንድሪስ የቆመችን መኪና ገና ከመክፈቱ በፊት መዳፉን ኮፈኗ ላይ ያሳርፋል። እናቴ ወባ ሲይዘኝ ግንባሬን የምትነካው ልክ እንደዚያ ነው። ስለዚህ መኪኖቹ ወባ የያዛቸው መሰለኝ። ቆላ ነው፣ ሁሉም ሰው ወባ ይይዘዋል፣ መኪናን ምን ይለያታል? አንድ ቀን «አያ፣ ክኒን ለምን አትሰጣትም?» አልኩት። ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። በዚያው ሳምንት ከወልድያ እስከ ዋጃ ያሉ ሾፌሮች ሁሉ ሰምተውታል። «ዘሃራ፣ የዛሬዋ ስንት ክኒን ይበቃታል?» እያሉ መኪናቸውን ያቆማሉ። ሳቃቸው ያኔ ደስ ይለኝ ነበር። ወደፊት ምን እንደሚያስከፍለኝ አላወቅሁም።

ሲያስተምር አስተምራለሁ አይልም። ሥራውን ይሠራል፤ እኔ አያለሁ። መጀመሪያ መኪናዋን ሳይሆን ሾፌሩን ነው የሚመረምረው። «ስትፈላ ቆመህ ነው ወይስ ዳገት ላይ?» ቆሞ ከሆነ ማራገቢያውን ይጠረጥራል። ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ ከላላ ያጠብቀዋል። ቀጥሎ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዝዞ ያያል፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ ያኔ «ኢና ሊላህ» ይልና ሾፌሩን ሻይ ይጋብዘዋል፤ የሚያድርበትን ቤት እንዲፈልግም ይነግረዋል። ደግሞ የራዲያተሯን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን ያስነሳና ውሃው ላይ አረፋ እየተከታተለ ይወጣ እንደሆነ ያያል። ከሞተሩ ራስ የሚያመልጥ አየር እንደዚያ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ተራው የእኔ ነው። ሞተሩ ይጠፋል፤ እኔ ትንሿን እጄን በማራገቢያውና በራዲያተሩ መካከል አስገብቼ ከላይ ወደ ታች እዳብሳለሁ። የእሱ መዳፍ በዘይትና በእሳት ደንዝዞ ሙቀቱን አይለይም። ውሃው በደንብ የሚዞር ከሆነ ሙቀቱ ከላይ እስከ ታች ቀስ እያለ ይቀንሳል እንጂ አይቋረጥም። መሐል ላይ በድንገት ከቀዘቀዘ እዚያ የተዘጋ ነገር አለ።

«ሞቀ» እላለሁ። «ሞቀ… አሁንም ሞቀ… ለብ አለ…»

ትላልቅ ሾፌሮች፣ ሱሪያቸውን ታጥቀው፣ ሲጋራቸውን ይዘው፣ ከእኔ አፍ የሚወጣውን ይጠብቃሉ። በሕይወቴ እንደዚያ የተሰማሁበት ሌላ ጊዜ አላስታውስም። ትምህርት ቤት ወንበር ላይ የማልታየው ልጅ ቁርቁራው ሥር እጄ ይፈለግ ነበር። ሳድግ መካኒክ እሆናለሁ ብዬ ወስኜ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።

የማኅበሩ መኪና አሮጌ የጭነት መኪና ነበረች። በሰኔ መግቢያ ደመና መሰብሰብ ሲጀምር ለገበሬው ዘር ከወልድያ እንድታመጣ ታዘዘች። ገበሬው ያለፈውን ዓመት ዘሩን በልቶ ጨርሷል፤ ዝናቡ ከዘሩ ቀድሞ ከመጣ መሬቱ ጦም ማደሩ ነው። መኪናዋ ግን ራዲያተሯ ከታች በኩል ያለቅሳል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

«መበየድ አለበት» አለ አያ እንድሪስ። «መበየጃው እርሳስ አልቆብኛል፤ ከደሴ ልኬበታለሁ። አራት ቀን ታገሡኝ።»

የማኅበሩ ሊቀመንበር አጭር፣ ሁልጊዜ የሚያልበው ሰውዬ ነበር። «ደመናውን አራት ቀን ታገሥ በለውና!» አለ።

ሾፌሩ ደግሞ ደረቱን ነፋ። «እኔ በዚች መኪና ከዚህ የባሰ መንገድ ወጥቻለሁ። እንድሪስ ፈሪ ሆኗል።»

አያ እንድሪስ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ «እንግዲህ ቀስ ብለህ ንዳ። ሮቢት ላይ ሙላ፣ አላውሃ ድልድይ ላይ ሙላ። ሌላ ነገር እንዳትጨምርባት» አለው። ይህን የመጨረሻውን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በመንገዱ ያሉ ሾፌሮች የሚያፈሰውን ራዲያተር በእንቁላል ነጭም፣ በዱቄትም ለመድፈን ይሞክሩ ነበር፤ እሱ ደግሞ ይህን እንደ መርዝ ይጠላል። ጠዋት እኔ ራሴ አጥልዬ ሞላኋት። ሾፌሩ ራሴን ዳበስ አድርጎ ሄደ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ አንድ ብስክሌተኛ መጣ። መኪናዋ ዘሩን እንደጫነች ከሮቢት ወዲህ ሜዳው ላይ ቆማለች። በጋሪ ሄድን። ገበሬዎች ከየማሳው መጥተው ከበዋታል። ሾፌሩ በጥላዋ ሥር ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት አሁንም ይወጣል።

እኔ ገና ከጋሪው ሳልወርድ ሽታው ደረሰኝ። ዝገት አይደለም፣ ጎማ አይደለም። የተቆላ ገብስ ነው።

እኛ ማሽላ በላዎች ነን። ገብስ የሚባል ነገር ቤታችን አይገባም። በሶ የማውቀው በአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በሾፌሩ። ደገኛ ነው፤ ሚስቱ ከደጋ የምትልክለትን በሶ በከረጢት አድርጎ ከወንበሩ ሥር አይለየውም። አንድ ቀን በጨው በጥብጦ አጉርሶኛል። ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም ነበር።

ጥቂት ከበረደች በኋላ አያ እንድሪስ «ዳብሽያት» አለኝ። እጄን አስገባሁ። ከላይ ያቃጥላል፤ ጣቴን ሳብኩት። መሐል ስደርስ ሙቀቱ በቢላ እንደተቆረጠ ጠፋ። ከዚያ በታች እንደ ውሃ ማሰሮ ቀዝቃዛ ነው።

«ከግማሽ በታች የለም! ተዘግቷል!» አልኩ። ከዚያ አፌን አልያዝኩም። «አያ፣ በሶ ትሸታለች። መኪናዋ በሶ በልታለች!»

ገበሬው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ሾፌሩ ነው። «ባለፈው ክኒን፣ ዛሬ በሶ!» አለ። «ነገ ደግሞ ማግባት ትፈልጋለች ትለናለች!»

አያ እንድሪስ አልሳቀም። ሾፌሩን አየው። ሾፌሩ ሳቁን ቶሎ አቆመ። ሞተሩን በእጅ ለማዞር ሞከሩ፤ ከውስጥ ተጣብቆ ንቅንቅ አልል አለ።

ዝናቡ በማግስቱ ጣለ። ዘሩን በአህያና በግመል ማጓጓዝ ብዙ ቀን ፈጀ፤ የራቁት መንደሮች ጊዜው አለፈባቸው። ሊቀመንበሩ አንድ ቃል ብቻ ይደጋግም ነበር፤ አሻጥር። በዚያ ዘመን በዚህ ቃል የተወሰደ ሰው የት እንደገባ አይጠየቅም። ሾፌሩ ቀድሞ ሄዶ ቃሉን ሰጠ፤ «የእንድሪስ የእህት ልጅ የወንዝ ጭቃ ሞላችብኝ» ብሎ። አያ እንድሪስን ቀበሌው መጋዘን ውስጥ ሁለት ቀን አሰሩት።

በሦስተኛው ቀን ሕዝቡ ቁርቁራው ሥር ተሰበሰበ። ራዲያተሩ ተፈትቶ መጥቷል። ሁለት ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃዎች አያ እንድሪስን መሐል አደረጉት። ሾፌሩ ፊት ለፊት ቆሟል።

«ሕዝብ እያየ አውጣው» አለ ሊቀመንበሩ። «የገባው ነገር ይታወቅ።»

አያ እንድሪስ ራዲያተሩን አዘቅዝቆ በሽቦ ቆረቆረው። መጀመሪያ ቀይ ውሃ ወጣ። ቀጥሎ ቡናማ ሊጥ እየተቆራረጠ መሬት ላይ ወደቀ። እኔ ከእናቴ ቀሚስ አጠገብ ነበርኩ፤ ሽታው እዚያ ድረስ መጣ። አያ እንድሪስ ቁንጥር አንስቶ በሁለት ጣቱ አሸው። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ቀና ብሎ ሾፌሩን አየ፤ ሾፌሩ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«ምንድን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጭቃ ነው» አለ አያ እንድሪስ።

«ከየት የመጣ?»

«ከውሃው። ልጅቱ ሳታጠል ሞልታው ነው። ልጅ ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር። ልቆጣጠራት ሲገባኝ አልተቆጣጠርኳትም፤ ጥፋቱ ይህ ነው።»

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አጥልያለሁ! በሶ ነው! እሱ ነው የጨመረባት!»

እናቴ አፌን ያዘችኝ። ሕዝቡ ግን ሳቅ ጀምሯል። ያንን ሳቅ ከዚህ በላይ ላስረዳችሁ አልችልም፤ ሞት ሲያልፍ የሚሳቅ ሳቅ ነው። ሊቀመንበሩ ራሱ ላቡን እየጠረገ ፈገግ አለ። «እንግዲህ የአሥራ አንድ ዓመት አሻጥረኛ የለንም» አለ። «ሴት ልጅ ግን መኪና ሥር ምን ታደርጋለች? ሁለተኛ እዚህ እንዳላያት።»

አለቀ። ሰው ልብሱን እያራገፈ ሲነሳ የጎረቤት ዶሮዎች መጡ። አንዲት ቀይ ዶሮ መሬት ላይ የወደቀውን ሊጥ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ሌሎቹ ተጋፍተው ደረሱ፤ ጠራርገው በሉት። ቢያንስ ሃያ ሰው እዚያ ቆሞ ነበር። ዶሮ ጭቃ አትበላም። ሁሉም አየ። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ዶሮዎቹን አይተው፣ እኔን አይተው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም አለፈ» ብለው መንገዳቸውን ሄዱ።

እናቴን ቤት ስንገባ «ሁሉም አይቷል» አልኳት።

«ታዲያ ቢያይ?» አለች። «ሾፌሩ የአራት ልጆች አባት ነው። ቢወስዱት አይመለስም ነበር። መኪናዋ እያፈሰሰች የለቀቃት ደግሞ አጎትሽ ነው፤ አብሮ ይሄድ ነበር። አንችን ምን ያደርጉሻል? ምን ጎደለብሽ?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ እመልሰዋለሁ። ሞኝ አይደለሁም፤ የሰው ነፍስ ከእኔ ስም እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ጠዋት ጠርተው «ዘሃራ፣ ጭቃ ነው በይልን» ቢሉኝ ኖሮ እል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ስሜን እንደ ወደቀ እቃ አንስተው ተጠቀሙበት። እሺ፣ ያ ቀን የፍርሃት ቀን ነው እንበል። ሊቀመንበሩ ተዛወረ፤ ፍርሃቱ ግን አለ፣ ይሁን። በኋላ መንግሥቱም ሄደ። መጋዘኑ ተከፈተ፣ ጠመንጃውም ተሰበሰበ። ውሸቱን የወለደው ምክንያት ሁሉ አለቀ፤ ውሸቱ ግን ቀረ። ለዓመታት ትምህርት ቤት «ጭቃ» ተባልኩ። ሾፌሩ በየሰርጉና በየለቅሶው እያጫወተበት ሸበተ። ከእሱ አፍ «በሶ ነበር» የምትል አንዲት ቃል ለመውጣት ምን ትፈራለች? አሁን ማን ያስረዋል?

አያ እንድሪስ ግን ልቡ ያውቅ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ለቤታችን ውሃ ቀድቼ በዚያ ሳልፍ፣ አንድ አውቶቡስ ፈልታ ቁርቁራው ሥር ቆማለች። መንገደኛው በየድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። አያ እንድሪስ ከፊት ለፊቷ ቆሞ ግንባሩን ያሻል። ቺንጋውን አጥብቋል፣ ዘይቱን አይቷል፣ አረፋውን አይቷል፤ ምንም አላገኘም። አየኝና እጁን አነሳ።

«ዘሃራ! ነይማ እናቴ። እስኪ አንች እይልኝ፤ ምን ሆነች?»

ያን ሁሉ ሾፌር እየሰማ ነው የጠራኝ። ሊክሰኝ ፈልጎ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ሌላ ዓይነት ይቅርታ አያውቅም። የአውቶቡሱ ሾፌር ነዳጅ እየረገጠ ሞተሩን ያስጮኸዋል። እኔ ከጎን በኩል ስለቆምኩ ከራዲያተሩ ግርጌ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ይታየኛል። ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ቱቦው ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ሲጋራ ሲስብ ጉንጩ እንደሚገባው ወደ ውስጥ ይጠፈጠፋል፤ ሲለቀቅ ይነፋል። ጎማው ከውስጥ ልሟል። ሞተሩ ውሃ ይስባል፣ ቱቦው ይታነቃል። አያ እንድሪስ ከቆመበት አይታየውም።

«አብሽሪ፣ ተናገሪ» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። «ሳላጠል ነው የምሞላ።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እጁ ወደ እኔ እንደተዘረጋ ቀረ። ጀሪካኔን አስተካክዬ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ያችን አውቶቡስ ሲፈታና ሲገጥም ውሎ፣ ምክንያቷን ሳያገኝ መሸበት፤ መንገደኛው በእግሩ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ጠርቶ አልጠየቀኝም፤ እኔም እስኪሞት አልነገርኩትም።

የታችኛው ቱቦ ነበር።